በጥር የሚያፈስ ጣራ

ሮቤ፣ ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይህን ብዕር የያዘው በየነ ገብረ ሥላሴ ነው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ቀጭኑ ሰውዬ። ቃሉ ግን የእኔ የጉቱ ባዳሳ ነው። ያልኩትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊጽፍ በአንገቱ ማተብ ምሎልኛል። ፊደል አላውቅም፤ ሰው ሲያጭበረብር ግን አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ስሸጥ ኖሬያለሁ።

ልጄ ሃጂራ፣ የወንድሜ የዘይነዲን ልጅ፣ አካም ጅርታ? እንደምን አለሽ? አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የምትበይው ይባረክልሽ፤ በሰው አገር አንገትሽን አያስደፋሽ። በየነ «ናፍቆቴ እንደ ባሕር አሸዋ» ብሎ ሊጀምር ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ አሸዋም ቢሆን የማውቀው የሻያ ወንዝን ነው ብዬ አስተውኩት። ናፍቀሽኛል። ይኸው ነው።

ያሳደገችሽ ሎሚ ደህና ናት። ዳማ ፈረሴ ወፍሯል፤ የሚጋልበው የለም። በጥቅምት ትንሽ አሞኝ ነበር። ንጋት ላይ ለሱብሂ ሰላት ስነሣ ግራ እግሬ አልጋው ላይ ቀረ፤ እጄም አብሮት አደመ። ጎባ ሆስፒታል ተኝቼ ወጣሁ። ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ። አሁን በምርኩዝ እሄዳለሁ። አፌም ትንሽ ጠመመ እንጂ ለስድብ ይበቃል። ስለዚህ አትጨነቂ።

በሚመጣው ክረምት ፈቃድ አግኝተሽ እንደምትመጪ የጻፍሽውን በየነ አነበበልኝ። ደስ ብሎኛል። ግን ዘንድሮ አትምጪ። ጣራው ያፈሳል። በየቀኑ ያፈሳል። ሎሚ ጠዋት ጠዋት ስታጥብና ስታሰጣ ነው የምትውለው። አንቺን የሚያስተኛ ደረቅ ቦታ የለም። ከሰው አገር መጥተሽ እርጥብ ላይ ከምትተኚ ብትቆዪ ይሻላል። ሲጠገን እልክብሻለሁ።

በየነ ብዕሩን አቁሞ ያየኛል። ምን ታያለህ? ጻፍ።

ይህ ሰው እጁ ጥሩ ነው ይላሉ። እግሩ ግን ዓይን የለውም። በታኅሣሥ የእነ ጃርሶን የግጦሽ ጠብ ስናስታርቅ ቃለ ጉባኤ ሊጽፍ መጥቶ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን ረግጦ ውሃውን በሙሉ እኔ ላይ ደፋው። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ዝናብ እንደመታው ዶሮ ሆንኩ። እንደዚያ ቀን ሰው ሰድቤ አላውቅም። አሁን ይህንንም ይጻፈው።

አላህ በሰላም ያገናኘን። በየነ፣ አንብብልኝ። ቀስ ብለህ፤ ጎረቤት አለ።

ጉቱ ባዳሳ (የጣት አሻራ)


ድሬስደን፣ መጋቢት 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ጉቱ ባዳሳ፣
ለእናቴ ለሎሚም፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከረማችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ጀርመንኛው ከትምህርቱ ይከብዳል። ብርዱን ግን አልፈራሁትም። የሮቤን ንፋስ የጠጣ ሰው ብርድ አይገርመውም ብዬ እዚህ ላሉት እነግራቸዋለሁ።

ደብዳቤዎ ሁለት ወር ቆይቶ ደረሰኝ። መታመምዎን «ትንሽ» ብለው ጻፉልኝ። አባ፣ ትንሽ የሚባል አይደለም። የምማረው ስለዚሁ ነውና ይጻፉልኝ፦ ሲውጡ ይታነቃሉ? እጅዎ ይጨብጣል? ሽንትዎና ሆድዎስ እንዴት ነው? አያፍሩ፤ ከእንዲህ ያለ ሕመም በኋላ ይህን መጠየቅ ደንብ ነው።

ስለ ጣራው አዘንኩ። የትኛው ጎን ነው የሚያፈሰው? በአልጋችሁ በኩል ነው ወይስ በጓዳው? እኔ በተወለድኩ ዓመት እርስዎና አባቴ ዘይነዲን ላዩ ላይ ወጥታችሁ ቆርቆሮውን እንደመታችሁት ሎሚ ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። የአባቴ ምስማር ሃያ ዓመት ሳይሞላው መልቀቁ ገረመኝ።

ወደ አገር የመሄድ ተራ የሚደርሰን በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ስማችንን እስከዚህ ወር መጨረሻ ማስመዝገብ ነበረብን። እርስዎ አትምጪ ካሉኝ እንዴት እመጣለሁ? ሦስት ቀን አለቀስኩና ተራዬን ለየሺሃረግ ደምሴ ሰጠኋት። የጎባ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ነው የምንማረው። በእጇ ወፍራም ላስቲክ እልካለሁ። እዚህ ገበሬዎች የሣር ክምር የሚያለብሱበት ነው፤ ውሃ ጠብታ አያሳልፍም። እስኪጠገን ድረስ የሚያፈሰው ላይ አልብሱት።

ዳማን ግንባሩን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ሃጂራ ዘይነዲን


ሮቤ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ብዕሩ ያው የበየነ ነው። ዛሬ ከላይ መፈክር ልጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤው ለቀበሌ ነው ለልጄ? አልኩት። ተወው።

ልጄ ሃጂራ፣ ዱዓችን ከአንቺ አይለይም። ሎሚ የግንባርሽን ፀጉር በሕልሟ ስታበጥር አደረች፤ እንደዚሁ ንገሯት አለች፤ ነገርኩሽ።

የሺሃረግ ማክሰኞ መጣች፤ ላስቲኩን ይዛ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ግን ጨዋ አይደለም፤ ሁሉን ያያል። ገና ሳትቀመጥ ዝናብ ወረደ። የክረምቱን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር ሲደበድበው ሰውና ሰው አይደማመጥም። ሎሚ ወተት ሰጠቻት። ልጅቷ ወተቱን ይዛ ሽቅብ ታያለች።

«አባ፣ የሚያፈሰው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«ዛሬ አያፈስም።»

«ዛሬ እኮ እየዘነበ ነው።»

«ጣራ እንደ ሰው ነው» አልኳት፤ «እንግዳ ሲመጣ ያፍራል።»

ሎሚ ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። ስቃ ይሁን አልቅሳ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም።

ልጅቷ ስትሄድ ተነሥቼ አልሸኘኋትም። በዚህ ቤት እንግዳ ተቀምጬ ስሰናበት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እግሬ ነው ብያታለሁ፤ አንቺም እግሩ ነው በይ።

ላስቲኩ ጥሩ ነው፤ የሚያፈሰው ላይ አልብሰነዋል። ተራሽን መስጠትሽን ግን ከእሷ አፍ ነው በደንብ የሰማሁት። በደብዳቤሽ ሲነበብልኝ አንድ ክረምት የምትቆዪ መስሎኝ ነበር እንጂ ሁለት ዓመት መሆኑን ልብ አላልኩም። ይሁን። አንዴ ሆኗል።

ስለ ሽንት የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ ሴት ልጅ አባቷን እንዲህ አትጠይቅም። ጀርመኖች ምን እንደሚያስተምሩሽ አላውቅም።

ሳሙና ላኪ፤ ጠንካራውን። ነጠላ ሳይሆን ወፍራም የጥጥ ጨርቅም ካገኘሽ። ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው አለ። ሆዱ ከደረቀ ሰነበተ፤ ሲወጣም ሳይታሰብ ነው የሚወጣው። ውሃ መጠጣት ትቷል፤ ያልገባ አይወጣም ብሎ። ለሱ የሚሆን ምክር ካለሽ ጻፊልኝ፤ አደርስለታለሁ።

አላህ ዕድሜ ይስጥሽ። በየነ፣ አንብብልኝ። ቀስ በል አልኩህ እኮ።

ጉቱ ባዳሳ (የጣት አሻራ)


ድሬስደን፣ ኅዳር 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ከሰላምታ ሁሉ በፊት እጅዎን እስማለሁ። ግራውንም፣ ያደመውን።

የሺሃረግ ተመልሳ መጣች። ለሳምንት ያህል ስለእናንተ ስጠይቃት ደህና ናቸው ብቻ ስትል ከረመች። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ሃጂራ፣ የአባትሽ ቤት ጣራ አያፈስም» አለችኝ። ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ አንዲት ጠብታ እንዳልወደቀች፤ ጠብታ የሚቀበል ጣሳ እንኳ ወለሉ ላይ እንደሌለ፤ ላስቲኩን ለሎሚ ልትሰጣት ጓዳ ስትገባ የገለባው ፍራሽ ምድጃው ዳር ተደግፎ ሲደርቅ እንዳየች ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አላለችም። እኔም ነርስ ልሆን ነው የምማረው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም።

አባ፣ የሚያፈሰው ጣራው አይደለም።

ያን ቀን የመጀመሪያ ደብዳቤዎን አውጥቼ ቀኑን አየሁት። ጥር 14። በጥር ሮቤ ላይ ምን ዝናብ አለ? በጥር ጣራ ያፈሳል ሲሉኝ በረዶ እያየሁ የአገሬን ወራት ረስቼ አመንኩዎት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የባሌ ልጅ እንዲህ አትሳሳትም።

ደግሞ ልነግርዎ የሚያስከፋኝ ነገር አለ። እኔ እዚህ በየቀኑ ሽማግሌዎች አጥባለሁ። እንደ እርስዎ ግማሽ ጎናቸው የከዳቸው ናቸው። አንዱ አናጺ ነበር፤ ልብሱን ስቀይርለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሳደባል። የሚለው ሁሉ አይገባኝም፤ ድምፁ ግን የእርስዎ ነው። የማላውቀውን የሰው አባት ሳጥብ፣ የኔ አባት እንዳላየው ብሎ በር ዘጋብኝ።

ትንሽ ሆኜ ተቅማጥ ይዞኝ፣ ሰው ተስፋ ቆርጦብኝ፣ በፈረስ አቅፈው ወደ ጎባ ሲወስዱኝ አስታውሳለሁ። ጋቢዎ ከላይ እስከ ታች በኔ ተበላሸ። መንገድ ላይ ሰው «ጉቱ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የራስከው?» ሲልዎ «ዝናብ ነው» አሉ። ፀሐይ ነበር።

አሁን ለሚያውቁት ሰው ይንገሩልኝ። ውሃ መጠጣት መተው ሽንትን አያቆምም፤ ያጠቁረዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ሆድን ደግሞ ይበልጥ ያደርቃል። ሆዱ ሲደርቅ ፊኛውን ይጫነዋል፤ ያኔ ሁለቱም አልታዘዝ ይላሉ። ቀን ቀን በደንብ ይጠጣ፤ ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ በኋላ ይቀንስ። ጠዋት ቁርስ እንደበላ፣ ቢመጣም ባይመጣም፣ እግሩ መሬት ረግጦ ይቀመጥ፤ አይቸኩል። ሎሚ ተልባ ትዘፍዝፍለት፤ የገብስ ገንፎም ይብላ። እርጥብ ላይ አይቆይ፤ ቆዳው ይቆስላል። የሚያቃጥለው ወይም የሚያተኩሰው ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይል ጎባ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ሽንቱን ደግሞ እሱ እስኪጠራው አይጠብቅ። የታመመው ጭንቅላት ጥሪውን የሚያሰማው ዘግይቶ ነው። እዚህ በሰዓት ያስቀምጧቸዋል። እርስዎ ቤት ሰዓት የለም፤ ግን አዛን አለ። ከእያንዳንዱ አዛን በፊት ይቀመጥ። ከሱብሂ እስከ ቀትሩ ዙሁር ሩቅ ነው፤ መካከሉ ላይ አንድ ይጨምር።

ሌላም ነገር ጠረጠርኩ። ለጁምዓ መሄድ አቁመዋል? ሽንቱን መያዝ ያልቻለ ሰው ሰላቱ በገባ ቁጥር ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ ቢያመልጠው ሰላቱ አይፈርስም ሲባል ቁርዓን ቤት ሰምቻለሁ። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ሼሁን ይጠይቁ። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስጨንቅም።

ሳሙናውንና ጨርቁን ልኬያለሁ። እውነቱን ይጻፉልኝ። ልምጣ ወይስ አልምጣ?

ልጅዎ ሃጂራ


ሮቤ፣ ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይህን የሚጽፈው በየነ ነው። ዛሬ ግን ከመጀመራችን በፊት «በየነ፣ ዛሬ የማወራው ስለ ሽንት ነው። ከከበደህ ብዕርህን ይዘህ ሂድ፤ አልቀየምህም» አልኩት።

«አባ ዳማ፣ እኔ ካወቅሁ ከዓመት በላይ ሆነኝ» አለኝ።

«ከማን ሰማህ?»

«ከማንም። ማንቆርቆሪያውን የደፋሁ ቀን ነው ያወቅሁት።»

ብዕሩን ጠረገና «ረግጬው አይደለም። መትቼው ነው» አለ።

ልጄ፣ ስለዚያ ቀን ልንገርሽ። የእነ ጃርሶን ጠብ ይዘን ከጥዱ ሥር ተቀምጠናል። እኔ መካከል ነኝ፤ ቡሉኮ አንጥፈውልኛል። ነገሩን ልቋጭ አፌን ስከፍት ሙቀት ተሰማኝ። መጀመሪያ ፀሐይ መሰለኝ። ከዚያ አወቅሁ። ሽማግሌው ሁሉ ለምርቃት ሊነሣ ነው፤ እኔ ካልተነሣሁ ምርቃት የለም፤ ከተነሣሁ ቡሉኮው ጠቁሯል። ሰባ ዓመት የሠራሁት ስም በዚያች ጨርቅ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ይህ ቀጭን ሰው ወረቀቱን ታቅፎ መጥቶ ውሃውን ከወገቤ በታች የገለበጠብኝ። «ዓይንህ ይጥፋ! አንተ ብሎ ጸሐፊ!» አልኩት። አገሩ ሳቀ። በእሱ ሳቀ። እኔ ርሼ ተነሣሁ፤ መረቅሁ፤ በክብር ቤቴ ገባሁ።

ዓመት ሙሉ እንደ ዕድል ቆጠርኩት። አላህ በሞኝ እግር አዳነኝ አልኩ።

«አንተ ክርስቲያን ሆነህ የእስላም ውዱእ ውሃ ስትደፋ አልፈራህም?» አልኩት።

«የፈራሁት የእርስዎን ስድብ ነው፤ እሱም አልቀረልኝም» አለኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው እያወቀ «ጣራው ያፈሳል» ስለው ጻፈ። ለምን አላስቆምከኝም ስለው «ሳልጨምር ሳልቀንስ ብለው አስምለውኛል» አለ። መሐላ እንዲህ መልሶ ሲመታ አየሁ።

አሁን እውነቱ። ያ የማውቀው ሰው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሽንቴ ያመልጠኛል። ስስቅ፣ ስነሣ፣ ከበር እስከ ጓሮ ሳልደርስ። ሆዴ ይደርቃል፤ ሲመጣ ደግሞ አያስፈቅድም። ሎሚ ስታጥበኝ ጨለማ አድርጊ እላታለሁ፤ እሷም በጨለማ ታጥበኛለች፤ ከዚያ ጠዋት እንዳልሆነ ሆነን እንነጋገራለን። ከጁምዓ ቀርቼ ነበር። በአላህ ቤት ምንጣፍ ላይ እንደዚያ ቡሉኮ ብሆንስ? ሼሁን ጠየቅሁት፤ አንቺ ያልሽውን አለ። «ይህን ሳትጠይቅ ነው ዓመት ሙሉ የጠፋኸው?» አለኝ። አዎን አልኩት። «ትዕቢትህ ከሽንትህ ይብሳል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ሼህ ባይሆን እመታው ነበር።

ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ። ውሃ እጠጣለሁ። ተልባ እጠጣለሁ፤ የእንቁራሪት ዕንቁላል ይመስላል። ሎሚ ከጎባ ፖፖ ገዝታ መጣች። ፖፖ! በፈረሴ ስም አባ ዳማ የምባለው ሰው! ወርውሬው ነበር። ኋላ የሰፈር አናጺ የወንበር መሃል በሳልኝ። «ለምንድነው?» ሲለኝ «ለጥናት» አልኩት፤ በፊት «ለዶሮ» ልለው አስቤ ነበር። ከአዛን በፊት እቀመጥበታለሁ። አንዳንድ ቀን ደረቅ እውላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አዛኑ ሳይደርስ እሱ ይደርሳል። ጁምዓን ሁለት ጊዜ ሰገድኩ፤ በሩ አጠገብ፣ የራሴን ምንጣፍ ይዤ።

የአባትሽን ምስማር በሐሰት ከሰስኩት። ዘይነዲን ይቅር ይበለኝ። ያን ዓመት ቆርቆሮውን ስንመታ «ይህ ጣራ ከኛ በኋላ ይኖራል» ብሎኝ ነበር። ኖሯል። ከሱ በኋላ ኖሯል፤ ከኔም በኋላ ይኖራል።

ልምጣ ወይ አልሽኝ። ነይ። እርጥብ ብሆንም ነይ።

በየነ፣ አንብብልኝ።

ጉቱ ባዳሳ (የጣት አሻራ)


ድሬስደን፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

«ነይ» የምትለዋን ቃል ቆርጬ ከመስታወቱ ጎን ለጥፌያታለሁ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አያታለሁ።

አባ፣ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ሄጄ ጠየቅሁ፤ ተራሽን ለሰው ሰጥተሻል፤ የሚቀጥለው ተራሽ በ1979 ክረምት ነው አሉኝ። ሕመም እንዳለ ተናገርኩ። ወረቀት አምጪ አሉኝ። ወረቀቱ ከሮቤ ተጽፎ፣ ጎባ ታትሞ፣ አዲስ አበባ ተፈርሞ እዚህ እስኪደርስ ያው 1979 ነው። የሺሃረግ እኔ ነኝ የወሰድኩብሽ ብላ ታለቅሳለች። አልወሰደችም።

ያን አናጺ ሽማግሌ ትናንት ሳጥበው ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። ለምን እንደሆነ እንጃ። እጄን ይዞ ቆየ። እኔም የእርስዎን እጅ የያዝኩ ያህል ቆየሁለት።

አንድ ክረምት ብቻ ይጠብቁኝ። አንድ።

ልጅዎ ሃጂራ


ሮቤ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይህን የያዘው የበየነ እጅ ነው። ዛሬ ቃሌን ከአፌ እየለቀመ ነው የሚጽፈው። በሰኔ ያ ሕመም ተመልሶ መጣ። ምላሴ ከበደ፤ «ሎሚ» ለማለት ሦስቴ እሞክራለሁ። ስለዚህ አጭር ነው። ብዙ ስድብ ቀርቶብሻል።

ልጄ፣ ተራሽን የሰጠሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ የሰጠሁብሽ። ለየሺሃረግ ንገሪያት፤ አታልቅስ። የእናቷን እጅ ስማ መጣች፤ ያ ክረምት ባክኖ አልቀረም።

አሁን ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልችልም። ላስቲክሽ ከሥሬ ነው። ከዚያ ሁሉ አገር የመጣ ነገር ልክ በቦታው ሲውል አይቼ አላውቅም። ሎሚ በየአዛኑ ታገላብጠኛለች። ቀን በብርሃን ነው የምታጥበኝ። አንድ ቀን «መስኮቱን ክፈቺው» አልኳት፤ ከፈተችው። አሁን ስታጥበኝ ስለ ጎረቤት ታወራልኛለች፤ እስቃለሁ፤ ስስቅ ያመልጠኛል፤ እንደገና ታጥባለች። «ሳቅህ አስከሳሪ ነው» ትላለች። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ አውርተን አናውቅም።

የመጨረሻውን ትጥበት አልፈራም። ያኔ እኔ አላውቀውም፤ ንጹሕ ሆኜ እሄዳለሁ። ይህን መካከለኛውን ነበር የፈራሁት። አንቺ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ብዬ ነበር፤ ግን ቀድመሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሴት ልጅ አባቷን እንዲህ አትጠይቅም ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቃል እዚያ ለምታጥቢያቸው አባቶች ስትይ ተዪልኝ።

ይጠብቁኝ አልሽ። ፈረስ ሻጭ ነኝ፤ የማልችለውን ቀን አልሸጥልሽም። ከቻልኩ እጠብቃለሁ።

ካልቻልኩ፣ ስትመጪ ክረምት ይሆናል። በቀጥታ ቤት ግቢ። ሎሚ አልጋዬን ታነጥፍልሻለች፤ አትጸየፊው፤ በሳሙናሽ ታጥቧል። ዝናቡ ሲወርድ በጀርባሽ ተኚና ሽቅብ እይ። አንድ ጠብታ ብታገኚ እርግማኑ በእኔ ይሁን። አታገኚም። የአባትሽ ምስማርና የኔ ምስማር ጎን ለጎን ናቸው፤ የማን የማን እንደሆነ አይለይም። ዳማን ለአንቺ ሰጥቻለሁ፤ አርጅቷል፤ ሰፈር ዞረሽበት መልሺው።

አላህ ደረቅ መንገድ ይስጥሽ። እጅሽን ይባርክ፤ የነካሽው ሽማግሌ ሁሉ አይፈር።

በየነ፣ ጨረስኩ። አንብብልኝ። ድሮ ጎረቤት እንዳይሰማ ቀስ በል እልህ ነበር። ዛሬ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል፤ አይሰማኝም። ከመጀመሪያው ጀምር፤ ከዝናቡ በላይ ጮክ በል።